«ዛሬ አላስተኛትም» ያለው ሰው

ወረታ ላይ አስተማሪ ሆኜ ስቀጠር አፍንጫዬ በሁለቱም በኩል ተደፍኖ ነበር፤ ውስጡ ሥጋ በቅሎበታል። ጋደም ካልሁ ትንፋሽ ስለሚያጥረኝ ትራስ ደራርቤ ተቀምጬ ነበር የማድረው። በመጨረሻ ባሕር ዳር ያለ ሐኪም «በቀዶ ጥገና ይወጣልሻል» ብሎ ቀጠረኝና እናቴን ከይፋግ አስመጥቼ አብረን ሄድን።

በቀጠሮው ጧት የቀዶ ጥገናውን ልብስ ለብሼ ስጠብቅ የማደንዘዣ ባለሙያው መጣ፤ ፈገግተኛ ጎልማሳ ነው።

«እስኪ አፍዎን በደንብ ይክፈቱልኝ።»

ከፈትሁ።

«ከዚህ በላይስ?»

«ከዚህ አያልፍም» አልሁት። ልጅ ሳለሁ በሬ አገጬን ረግጦኝ ከዚያ ወዲህ መንጋጋዬ አይላቀቅም። ለምጄው ስለነበር ለሐኪም የሚነገር ነገር አልመሰለኝም።

ፈገግታው ጠፋ። አብሮት ወደ ገባው ቀዳጅ ሐኪም ዞሮ «ዛሬ አላስተኛትም» አለ።

«ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ?»

«ካስተኛኋት በኋላ በራሷ አትተነፍስም። አፍንጫዋ ድፍን ነው። በአፏ ቱቦ ማስገባት ካቃተኝ በየት በኩል አየር እሰጣታለሁ?»

አለቀስሁ። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ለምኜ፣ እህል ሳልቀምስ አድሬ እንዲህ መመለስ! እሱ ግን ከእናቴ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ረጋ ብሎ አስረዳን። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ ከሌላ ሆስፒታል ያስመጣል። በእሱ እየተመራ፣ እኔ ነቅቼ በራሴ እየተነፈስሁ፣ ቱቦውን በአፌ ያስገባዋል። የምተኛው ከዚያ በኋላ ነው።

«ከጨነቀዎት እጅዎን ያንሱ፤ ወዲያው አወጣዋለሁ» አለኝ።

በሳምንቱ ደውሎ ጠራኝ። ጉሮሮዬን በመራራ መድኃኒት ሲያደነዝዘው ምላሴ የሌላ ሰው መሰለኝ። መሣሪያው ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ሳል አጣደፈኝ፤ የምሞት መስሎኝ እጄን አነሳሁ።

ወዲያው አወጣው። አልተቆጣም። «ጎበዝ። ሲችሉ ይንገሩኝ» ብሎ ጠበቀኝ። ሁለተኛውን ሙከራ የቻልሁት ቃሉን እንደሚጠብቅ ስላየሁ ነው። «ገባ! አሁን ይተኛሉ» ሲለኝ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም።

ስነቃ አፍንጫዬ በፋሻ ተጠቅጥቆ ነበር። ፋሻው በወጣ ዕለት በሚኒባስ ስንመለስ የፎገራ ሜዳ ሩዝ ይታጨድ ነበር። መስኮቱን አስከፍቼ፣ አፌን ገጥሜ፣ አየሩን በአፍንጫዬ ብቻ ሳብሁት። እርጥብ ገለባ፣ ጭቃ፣ ከብት። እንባዬ ሲወርድ እናቴ ደንግጣ «ምነው?» ብትለኝ «ይሸተኛል» አልኋት።

የቀደደኝ ሐኪም ባለውለታዬ ነው፤ እጁ ይባረክ። ደጋግሜ የማስበው ግን ያንን እምቢ ያለውን ነው። በዓመቱ ከማሳችን ሩዝ ይዘንለት ሄድን። ሲሸኘን «ነገ ለወሊድም ይሁን ለሌላ ሆስፒታል ከገቡ፣ አፌ አይከፈትም ብለው አስቀድመው ይንገሯቸው» አለኝ። ልጄን በቀዶ ጥገና ስገላገል ከስሜ በፊት የተናገርሁት ይህንኑ ነበር።

እናቴ ስሙ አይያዝላትም። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም «ያን እምቢ ያለውን ጠብቅልኝ» ትላለች።