በረዶው ያልተመለሰበት ክረምት

በረዶ የቆርቆሮ ጣሪያ መምታት ሲጀምር ከያዝኩት ሥራ እጄን አነሳለሁ። ከዚያ ድምፅ ጋር ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ የእኛ የአራታችን ጉዞ ነው፤ አባቴ ከፊት፣ መቋሚያውን በረዶው ውስጥ እየተከለ፤ እናቴ ከኋላው፣ ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባ፤ ታላቅ እህቴ ከእናቴ ጎን፤ እኔ ከሁሉም ኋላ፣ የእናቴን ዱካ እየረገጥኩ። የሰፈሩ ሰዎች ደግሞ ከላይ፣ በየማሳቸው ድንበር ላይ ቆመው ቁልቁል ያዩናል።

ቤታችን ከጉና ተራራ ግርጌ ነበር። አባቴ የደብሩ መሪጌታ ነበር፤ ለአካባቢው በረዶ የሚመልሰውም እሱ ነበር። ክረምት ገብቶ ጉና ላይ ደመናው ሲጠቁር፣ ምግብ ላይም ቢሆን ትቶ ይነሳና፣ ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ ተራራው መልሶ፣ ደመናው እስኪያልፍ ድረስ ዝናብ እየወረደበት ይጸልይ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ገብሱ ሲወቃም ከየዓውድማው ለእኛ ይሰፈርልን ነበር። የራሳችን መሬት ስላልነበረን ዓመቱን ሙሉ የምንበላው ይህንኑ ነበር።

ያን ዓመት ነሐሴ መጨረሻ፣ ገብሱ እሸት ሆኖ ሳለ፣ በረዶው ከቀትር በኋላ ጀምሮ እስኪመሽ ወረደ። አባቴ ጉብታው ላይ ነበር። ሲመለስ ግንባሩ አብጦ ነበር፤ እናቴ ውሃ አሙቃ ብታቀርብለት አልነካውም። ሲነጋ ዳገቱ ነጭ ለብሶ አየነው፤ ጎድጎድ ባለው ቦታ በረዶው ከጉልበቴ በላይ ይደርስ ነበር።

«እንነሳ፤ ማሳውን ሄደን እንየው» አለ አባቴ።

«ልጆቹ ይቅሩ» አለች እናቴ።

«እነሱም ገብሱን በልተውታል። ይምጡ።»

ወጣን። የተቆረጠው የገብስ ራስ በረዶው ውስጥ ተሰንቅሮ ቀርቶ፣ እግሬን ባነሳሁ ቁጥር እሸቱ ከቁርጭምጭሚቴ ጋር ይጣበቅ ነበር። እህቴ አንዱን ራስ ለማንሳት ብታጎነብስ እናቴ ክንዷን ይዛ ቀና አደረገቻት።

«መሪጌታ፣ ትናንት የጸለዩት ለማዶው ለእስቴ ሰው ኖሯል?» አለ ማሳው ድንበር ላይ ከቆሙት አንድ ጎረምሳ፤ አጠገቡ የነበሩት ሳቅ አሉ።

አባቴ አልፎት፣ የሰፈሩ ሽማግሌ ከነበሩት ከአያ ደምሌ ፊት ሲደርስ ነጠላውን አጣፍቶ ቆመ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። የምትሉኝን በሉኝ» አለ።

ሁላችንም ስድቡን ጠበቅን። አያ ደምሌ ግን ጎረምሳውን በዓይናቸው ገሥጸው ወደ አባቴ ዞሩ።

«ምን ጥፋት አለብዎ መሪጌታ፤ እግዜር ያመጣውን ማን ይመልሰዋል? ከእንግዲህ ግን ዝናብ ላይ ቆመው አይድከሙ» አሉ።

«እውነት ነው፤ አይድከሙ» አሉ ሌሎቹም፣ በየተራ፣ በአክብሮት።

አባቴ አንገቱን ደፋ። ቢሰድቡት ኖሮ በሚመጣው ክረምት ተመልሶ ጉብታው ላይ ሊቆም ይችል ነበር፤ ይህ እስኪገባኝ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ያን ጊዜ ያየሁት እናቴን በረዶ ላይ ቆማ ላብ ሲያጠምቃት ብቻ ነው። እኔም መሬት መሬት እያየሁ፣ ቶሎ እንድንወርድ እመኝ ነበር።

ታኅሣሥ ሲደርስ አያ ደምሌ ከተረፈቻቸው ገብስ ላኩልን። እናቴ «ምን ሠርተን?» አለች ቀስ ብላ። ተቀበለችው ግን፤ በላነው።

በተከታዩ ክረምት ጉና ሲጠቁር አባቴ ከመደቡ ይነሳና፣ በሩ ጋ ደርሶ፣ ጥቂት ቆሞ፣ ተመልሶ ይቀመጥ ነበር። እኛም እንዳላየን ሆነን ሥራችንን እንቀጥላለን። ክረምቱ በረዶ ሳይጥል አለፈ፤ ገብሱ እንደዚያ ዓመት አምሮ አያውቅም። ስለዚህ ነገር ለአባቴ ያነሳለት ሰው አልነበረም።

ዛሬ የምኖረው ንፋስ መውጫ ነው። የልጅ ልጄ ስልኩን አይቶ «ዛሬ አይዘንብም፣ እማማ፣ ልብሱን አስጡት» ይለኛል፤ ሲዘንብ ስቆ ያስገባልኛል፤ ለምን ተሳሳትክ ብሎ የሚጠይቀውም የለም። ይህ ይሻላል እላለሁ። አባቴ ግን በሚጠየቁበት ዘመን የኖረ ሰው ነበር፤ ጥያቄው ሲቀርበት የሚይዘው አጣ።

ያ በረዶ ያልጣለበት ክረምት እንዳለፈ፣ በመስከረም፣ ለትምህርት ወደ ንፋስ መውጫ ስላክ እስከ መኪናው መንገድ የሸኘኝ እሱ ነው። በገብሱ መካከል ስናልፍ ሰዎች «እንዴት አደሩ መሪጌታ» ይሉታል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይልና ወደ ማሳው ሳያይ ይራመዳል። መኪናው ሲመጣ ጉልበቱን ስሜ ተሳፈርኩ።