የጋሽ አምኃ ስህተቶች

ሮም ውስጥ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለሰው ቤት ሠራተኛ ዕረፍት ነው። እኔ ግን ያቺን ግማሽ ቀን እንኳ አላርፍባትም ነበር። የአሠሪዎቼን የምሳ ዕቃ አጥቤ፣ እጄ ገና ሳሙና ሳሙና እየሸተተ፣ አውቶቡስ ላይ ቆሜ እያንቀላፋሁ ወደ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር እሄዳለሁ። እዚያ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለች፣ ብርድ ሲሆን በምታንዘፈዝፍ፣ ሙቀት ሲሆን በምታፍን ክፍል ውስጥ ጋሽ አምኃ ለእኔና ለጥቂት የአገሬ ልጆች ክላርኔት ያስተምሩን ነበር። "ምን ሊረባሽ? የመኖሪያ ፔርሜሶሽን አያሳድስልሽ" ይሉኛል ጓደኞቼ። ዛሬም ያንኑ ሲጠይቁኝ ይደክመኛል።

ጋሽ አምኃ ወደ ሮም የመጡት ከአብዮቱ በፊት ለአጭር ትምህርት ነው። አዲስ አበባ እያሉ በጦር ሠራዊት የማርሽ ባንድ ውስጥ ክላርኔት ይነፉ ነበር። ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ደርግ መጣ። ከባንዱ ጓደኞቻቸው ገሚሱ ታሰረ፣ ገሚሱ የት እንደገባ ጠፋ። "ትንሽ ይረጋጋና እመለሳለሁ" እያሉ ከረሙ፤ አልተረጋጋም። ለእንጀራቸው ሲሉ በአንድ ትንሽ የሙዚቃ ማተሚያ ቤት ኖታ አራሚ ሆኑ። ሊታተም የተዘጋጀውን ኖታ ቀኑን ሙሉ አቀርቅረው ያያሉ፣ የተዛነፈውን ያቃናሉ። "ዜማ ልጫወት ብዬ ነበር ሙዚቃ የገባሁት፤ ይኸው የሰው ስህተት ስለቅም ሸበትኩ" ይሉን ነበር፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

አስተማሪነታቸውም ከዚሁ ሥራቸው የወጣ ነበር። አንድ ዜማ መጀመሪያ በትክክል ይነፉልናል። ከዚያ ይደግሙታል፤ ሲደግሙት ግን ሆን ብለው አንድ ቦታ ያበላሹታል። እዚያ ላይ እጃችንን አውጥተን "እዚህ ጋ ተሳስተዋል" ማለት አለብን። ስህተታቸውን ያላገኘ ክላርኔቱን አይነካም።

እስቲ አስቡት። ታላቅ ሰው ሲሳሳት አንገታችንን ደፍተን ማለፍ የለመድን ሰዎች፣ አባታችን የሚሆኑትን ሰው ተሳስተዋል በሉ ተባልን። አብራን የምትማረውን ሎሬዳናን ምንም አልከበዳትም። አባቷ ጣሊያን፣ እናቷ የአዲስ አበባ ሴት ናት፤ እጇን ብድግ አድርጋ "ኤኮ፣ እዛ ጋ" ትላለች። እኔ ግን ጆሮዬ እየሰማ እጄ አይነሳም። ይሉኝታ ብቻ አልነበረም። ወንድሜ በቀበሌ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ "ይህ ነገር ልክ አይደለም" ባለ በማግሥቱ ተወሰደ፤ አልተመለሰም። ይህንን አንድ ቀን ለጋሽ አምኃ ነገርኳቸው።

"እንግዲህ የኔ ልጅ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ እጅ አውጥቶ የሚታሰር የለም" አሉኝ። "እኔ ላይ ተለማመጂ።"

ተለማመድኩ። ወራት ፈጀብኝ። መጀመሪያ እጄን ያወጣሁ ዕለት እያለቀስኩ ነበር። እሳቸው "ጎበዝ፣ ልክ ነሽ" ብለው ክላርኔቱን አቀበሉኝ። ያን ቀን እንደ አባቴ ወደድኳቸው። ከዚያ በኋላ አሠሪዬን እንኳ "ሲኞራ፣ ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም" ማለት ቻልኩ፤ ሴትዮዋ ያን ዕለት ያየችኝ አስተያየት አይረሳኝም።

ዓመታት አለፉ። እኔም ከቀሩት ሁሉ የቆየሁ ተማሪ ሆንኩ። የጋሽ አምኃ ስህተት በዛ። በአንድ ዜማ አንዴ የነበረው ሁለትና ሦስት ቦታ ሆነ። አዲሶቹ ልጆች ጨዋታው የከበደ መስሏቸው እየተሻሙ እጅ ያወጣሉ፤ እሳቸውም "ጎበዝ፣ ጎበዝ" ይላሉ። እኔ ግን ፊታቸውን አያለሁ። ልጆቹ እጅ ሲያወጡ እሳቸው ይደነግጡ ነበር። ጆሯቸው ቀጫጭኑን ድምፅ መስማት ትቷል። ኋላማ በትክክል ነው ብለው መጀመሪያ የሚነፉትም ይበላሽ ጀመር፤ ልጆቹም የተበላሸውን ልክ ነው ብለው ይዘውት ይሄዳሉ።

ብናገር የማስተማሪያ ክፍሏን እነጥቃቸዋለሁ። ያቺ ክፍል ከሌለች፣ ቀን ኖታ ላይ ማቀርቀር፣ ሲመሽ ኤስኲሊኖ ሰፈር ያለችው ጠባብ ክፍላቸው፣ ሌላ ምን አላቸው? ዝም ብል ደግሞ ያስተማሩኝን ሁሉ መካድ ነው። ስንት ሐሙስ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

አንድ ሐሙስ ልጆቹ ሲወጡ፣ ክላርኔታቸውን እየጠረጉ ራሳቸው ጠየቁኝ።

"ጽገረዳ፣ ዛሬ የት የት ተሳሳትኩ?"

"ሆን ብለው ያበላሹትን ነው?"

"ሌላውን።"

እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ፤ ለእሳቸው እውነት የምናገርበት ሌላ መንገድ አላውቅም ነበር።

"ከፍ የሚለው ድምፅ ላይ ሁሉ፣ ጋሼ። መጀመሪያ የነፉትም ልክ አልነበረም። ቆይቷል እኮ።"

አልተቆጡም። ወንበር ስበው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"አሎራ፣ እንግዲህ" አሉ፣ "ከሚመጣው ሐሙስ ጀምሮ አንቺ ተሳሳቺላቸው።"

በሚቀጥለው ሐሙስ እሳቸው ከኋላ ከልጆቹ ጋር ተቀመጡ፤ እኔ ፊት ቆምኩ። ዜማውን በትክክል ነፋሁት። ስደግመው ገና ላበላሸው ካሰብኩበት ቦታ ሳልደርስ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። የጋሽ አምኃ እጅ ነው። ልጆቹ ሁሉ ዞሩ።

"እዚህ ጋ ተሳስተሻል" አሉ።

አልተሳሳትኩም። "ጎበዝ፣ ልክ ነዎት" ብል ምን ነበረበት? ልጆቹ ያምኑኛል፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ይገባሉ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር።

"አይ ጋሼ" አልኩ። "ልክ ነበር።"

እጃቸው እንደተነሳ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ አወረዱት። አንገታቸውን በእሺታ ነቀነቁልኝ።

"ቫ ቤኔ፣ ይሁን። ቀጥይ።"

ቀጠልኩ። አስቤው የነበረው ቦታ ስደርስ ዜማውን ሆን ብዬ አበላሸሁት። ልጆቹ በሙሉ እጃቸውን አወጡ። ጋሽ አምኃ ብቻ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ምን እንደሰሙ ለማወቅ የልጆቹን ፊት በየተራ ያዩ ነበር።