የቫልቭ ትርጓሜ

ቀለመወርቅ ባዮሎጂ ሲያጠና አከራያችን እትዬ ወለተጻድቅ ደጅ ቆመው «አሜን» ይሉ ነበር። አልፈርድባቸውም። ከጎጃም ቅኔ ቤት ወደ አስኳላ የተሻገረ ሰው በመሆኑ እንግሊዝኛውንም የሚያነበው በዳዊት ዜማ ነው። ጎህ ሲቀድ ነጠላውን ተከናንቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ስለ ልብና ስለ ደም ሥር የተጻፈውን ምዕራፍ ሲያንቆረቁረው ለኮልፌ ጎረቤት ሁሉ ጸሎት ይመስላል። እኔ ራሴ መጀመሪያ ሰሞን በእንቅልፍ ልቤ አማትቤያለሁ።

ጊዜው የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው፤ አንድ ክፍል ተጋርተን የምንኖር የዩኒቨርሲቲ ጀማሪዎች ነበርን። እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ የማጠናው ዋና ዋናው ላይ በቀይ እርሳስ እያሰመርኩ ነው። ሁሉም ዋና እየመሰለኝ ያልቀላ ገጽ አልነበረኝም። ስለዚህ በእሱ እቀናለሁ። መጽሐፉን ዘግቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃሉ ይወጣዋል። እንዲህ ያለ ጭንቅላት እንዴት ይወድቃል?

ወደቀ። የመጀመሪያው ፈተና የጠየቀው ከምዕራፉ መሃል ነበር። ቀለመወርቅ ግን እንደ ዳዊት ደጋሚ ከምዕራፉ ራስ ካልጀመረ ነገሩ አይመጣለትም። ከመጀመሪያው መስመር ተነስቶ ሲጽፍ፣ የተጠየቀው ጋ ሳይደርስ ሰዓቱ አለቀ።

«የመንፈቁን ፈተና ካላለፍክ ትሰናበታለህ» ተባለ።

«ቅኔውን ጥዬ መጣሁ፤ ይሄም እምቢ ካለኝ ከሁለት ያጣ ጎመን መሆኔ ነው» አለኝ። አንጀቴን በላው፤ ግን ቀይ እርሳስ ከማበደር በቀር ምን አደርግለታለሁ?

አንድ ቅዳሜ እትዬ ወለተጻድቅ ምስር እየለቀሙ ዜማውን እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ልጄ፣ ጸሎትህስ ያምራል፤ ግዕዙ ግን አልገባኝ አለ። እስቲ ትርጓሜውን ንገረኝ።»

«ጸሎት አይደለም እትዬ፤ ስለ ደም ነው።»

«ስለ ጌታ ደም?»

«ስለ እርስዎ ደም።»

ክው አሉ። «የኔ ደም ደግሞ ምን ሆነ?»

እየሳቀ ይተረጉምላቸው ጀመር። ልብ ይገፋዋል፣ እግር ድረስ ይወርዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ልብ ይወጣል። እሳቸው እዚህ ጋ እጃቸውን ከሰፌዱ ላይ አነሱ።

«ሽቅብ ይወጣል? እሺ ወጣ እንበል፤ ተመልሶ እንዳይወርድ ማን ያዘው?»

ቀለመወርቅ ከምዕራፉ መጀመሪያ ተነስቶ በልቡ ሲያዜም ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ።

«ቫልቭ» አለ። ደገመው። ከዚያ ከመቀመጫው ተነሳ። «በር ነው! እትዬ፣ በር ነው እኮ! እንደ ግቢያችን በር ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈት። ደሙ ካለፈ በኋላ ይዘጋበታል!»

ያን ቃል ስንት ንጋት አዚሞታል፤ በር መሆኑን ያወቀው ግን ያን ቀን ነው። «መምህሬ ‹ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል› ሲሉ በግዕዝ ብቻ መስሎኝ!» አለና ራሱን ያዘ።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ስንመለስ መጽሐፉን ዘግቶ እሳቸው አጠገብ ይቀመጣል። የጠዋቱን በአማርኛ ይተረጉማል፤ አልገባ ካላቸው «አንድም» ብሎ በሌላ ምሳሌ ይመጣል። ምሳሌ ያጣ ቀን መጽሐፉን ይገልጣል፤ ያላወቀው እዚያ ጋ ነው ማለት ነው። ከመሃልም ከመጨረሻም ስለሚጠይቁት ከመሃል መጀመር ለመደ። እኔም እርሳሴን ጥዬ ማድመጥ ጀመርኩ። እትዬ ወለተጻድቅ ደግሞ «ገባኝ» የምትለዋን ቃል በቀላሉ አይሰጡም።

ከጥምቀት በኋላ ውጤት ተለጠፈ። እኔ ለጥቂት ተረፍኩ፤ እሱ በደንብ አለፈ። ከስድስት ኪሎ ኮልፌ ድረስ አፉን መዝጋት አቅቶት ነበር፤ እትዬ ወለተጻድቅም እልል አሉለት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አዲሱን ምዕራፍ በዜማ አወረደና አበቃ። ከውጭ ድምፅ የለም። በሩን ከፈተ፤ እትዬ ወለተጻድቅ እንደ ወትሮው ቆመዋል።

«እትዬ፣ ዛሬ አሜን የለም?»

«ትርጓሜውን ሳልሰማ? እየረገምከኝ እንደሆነስ በምን አውቃለሁ?»