አዳዳ የመረቀቻት ሲሊኮን

የአባቴ እህት፣ አዳዳ የምላት፣ ከጉቴ ወደ ነቀምቴ በሚኒባስ የመጣችው ጫጩቶቿን ፍለጋ ነው። ዶሮዋ ከታቀፈችው እንቁላል እየወሰድኩ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመላለስ ከርሜያለሁ፤ አንድም ጫጩት ግን ሲመለስላት አላየችም።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በላሻቸው እንዴ?» አለችኝ ላብራቶሪው በር ላይ።

አልበላኋቸውም። ሥራዬ የጫጩት ልብ ሴሎችን ሲሊኮን ላይ ማኖር ነው፤ ሲሊኮን ሞባይላችን ውስጥ ያለው ቺፕ የሚሠራበት ነገር ነው። ሴሎቹ ላዩ ላይ ከኖሩና ከመቱ ቺፑ ትርታቸውን ይሰማል፤ እኔም ማስተርሴን እይዛለሁ። ሴል ግን ባዶ ሲሊኮን አይመቸውም፤ ስለዚህ ላዩን በስሱ ጄላቲን እቀባዋለሁ፣ አልጋ እንደማንጠፍ። የእኔ አልጋ በማግስቱ ይላጣል፤ ሴሎቹም ተንሳፍፈው ይሞታሉ። ቺፖቹን ስሰብርና ሳበላሽ ከርሜ አንዲት ብቻ ቀርታኛለች። እሷ ከሄደች ዲግሪዬም ሄደ። አማካሪዬ ይህን የነገረኝ ፈገግ ብሎ ነው፤ እስካሁን ቂም ይዤበታለሁ።

አዳዳን ጋዎንና ጓንት አለበስኳት። ማስክ ስሰጣት «አፌን ታፍኜ ነው ጫጩቶቼን የምጠይቀው?» ብላ አገጯ ላይ አንጠለጠለችው። እሷን ማን ይቆጣል? ሴሎቹን ጠዋት ነበር የጨመርኳቸው። የሳህኑን ክዳን አንስቼ ቺፗን አሳየኋት።

ጎንበስ ብላ አየች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይህን ምልክት አውቀዋለሁ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ምራቅ ነው። አዳዳ የለየላት ወንጌላዊት ናት፤ እንትፍ እያሉ መመረቅን ግን ማንም ሰባኪ አላስተዋትም።

ክዳኑ እጄ ሥር ነበር። አንስቶ መክደን ብቻ! ግን እኛ ዘንድ ታላቅ ሊመርቅ አፉን ሲያሞጠሙጥ የያዝነውን አንከድንም፤ መክደን ምርቃትህን አልፈልግም ማለት ነው። ከሕፃንነቴ የለመደብኝን አደረግኩ። አንገቴን ደፋሁ፤ ሳህኑን በሁለት እጄ ዘረጋሁ።

«ዋቀዮ ሲ ሃ ኤቢሱ! ይባርክሽ! ቱፍ! ያሳድግልሽ! ቱፍ! ያብዛልሽ! ቱፍ!»

«አሜን» አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ።

በዛ። በማግስቱ ሮዝ የነበረው የሴሎቹ ምግብ ቢጫ ሆኖ ደፈረሰ፤ አዳዳ አፍ ውስጥ የነበረ ተህዋስ ሁሉ ጎጆ ወጥቶ ወልዷል። የልብ ሴሎቹ አልቀዋል። አለቀስኩ። ከዚያ ደሜ ፈላ። ድሮ ቺፕ የማጥበው በአልኮል ነበር፤ ያን ቀን ግን አልኮል ለዚህ ምርቃት መች ይበቃዋል ብዬ ትኩስ አሲድ ውስጥ ዘፈዘፍኳት፤ አለቅልቄም ደገምኳት። ስትወጣ ውሃ ጠብ ባደርግባት እንደ ወትሮው ተድቦልቡሎ አልወረደም፤ ተንጣለለባት። ለካ አልኮሉ ያላስለቀቀው ቅባት ነበረባት፤ ጄላቲኑ ይላጥ የነበረውም ለዚያ ኖሯል።

እንደገና ቀባኋት፤ ሴል ጨመርኩባት። ከቀናት በኋላ በማይክሮስኮፕ ሳይ ሴሎቹ ተጣብቀው፣ ተዘርግተው፣ ትር ትር ይላሉ። ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ኮሪደሩ ላይ ጮህኩ። ጉቴ ውስጥ ሲሊኮን ላይ ሕይወት የዘራው ማን እንደሆነ ከአዳዳ ያልሰማ ሰው የለም።

ጥናቴን ፈታኞች ፊት ሳቀርብ አዳዳ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከሌላ ከተማ የመጡት ኮስታራ ፈታኝ «በአሲድ ማጠቡን እንዴት አሰብሽው?» አሉኝ።

«የቤተሰብ እርዳታ ነው» አልኩ።

«አልገባኝም። አስረጂኝ።»

ምን ላድርግ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። አዳራሹ በሳቅ አውካካ፤ እሳቸው ብቻ አልሳቁም። ዲግሪዬን በገዛ አፌ ቀበርኩት አልኩ በልቤ። አዳዳ ደግሞ ሳቁን እንደ ግብዣ ቆጥራ ተነስታ ቀጥ ብላ ወደ እሳቸው ሄደች። ሊጠጡ የከፈቱትን የውሃ ጠርሙስ በአንድ እጃቸው፣ ክዳኑን በሌላው ይዘዋል። አፏን ስታሞጠሙጥ ክዳኑን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

ክዳኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አንገታቸውን ደፍተው ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ዘረጉ።

«አሜን» አሉ።