ከግድግዳው የወረደው ስፌት

ስፌት እችላለሁ። ይህን ስናገር አልሽኮረመምም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፈረስ መጋላ ቁልቁል ወርጄ፣ ጀጎል ውስጥ ከአንዲት የሐረሪ እናት መደብ ላይ ተቀምጬ የተማርኩት ሙያ ነው። እኔ ቅድመ አያቶቼ ከሸዋ መጥተው ከግንቡ ውጭ የሰፈሩ፣ አንገቴ ላይ ማተብ ያለኝ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን የእኚህ እናት ሰፈር ሴቶች «አስተማሪዋ ሁለት ቅዳሜም አትቆይም» ብለው ሲስቁብኝ ነበር። ቆየሁ።

ዘንድሮ ሰፈሩ የባህል ቀን ሲያዘጋጅ፣ እንግዶች እንዲጎበኙት የተመረጠው የእሳቸው ቤት ሆነ። ከመደቦቹ በላይ ያለው ግድግዳ ዳር እስከ ዳር በስፌት የተሞላ ነው። ደንቡም አንድ ነው፤ እዚያ የሚወጣው እሳቸው ራሳቸው ወይም ያስተማሯቸው ሴቶች የሰፉት ብቻ ነው። የገበያ ስፌት የፈለገውን ያህል ቢያምር ወለል ላይ ይቀራል። የእኔ አንድም ቀን ወጥቶ አያውቅም። ለምን ብዬም አልጠየቅኋቸው፤ መልሱን ፈርቼ ነው። በዚህ በዓል ግን እንዲወጣልኝ ቆርጬ ተነሳሁ።

ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጀመርኩ። ሁለቱን ሳምንት የፈተና እርማት በላብኝ። የመጨረሻዎቹን ዙሮች ለማፋጠን የምሰፋበትን ሣር፣ አክርማውን፣ ውሃ ውስጥ አሳደርኩት፤ ረጠብ ማድረግ ብቻ እንደሚበቃው እያወቅሁ። ለዝቦ እንደ ክር ታዘዘልኝ። በበዓሉ ጠዋት ሴቶቹ ቤቱን ሲያሰናዱ፣ እሳቸው ጓዳ ሳሉ፣ ባዶ ምስማር ፈልጌ ሰቀልኩት። እውነቴን ነው፣ ከሁሉም በላይ አማረ።

እሳቸው ከጓዳ ሲወጡ አዩት። አወረዱና ገለበጡት፤ ስፌት የሚያነቡት በጀርባው ነው። ጥፍራቸውን በመጨረሻዎቹ ዙሮች መሀል ሲሰዱት ገባ። አክርማው ሲደርቅ ተኮማትሮ ስፌቱ ላልቷል።

«ውሃ አጠጥተሽዋል» አሉኝ።

«ቸኩዬ ነው፣ እማማ።»

«አየሁት እኮ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በይ ቁጭ በይና ፍቺው።»

«አሁን? እንግዳው እየገባ?»

«ወላሂ፣ አሁን!»

ፊቴ ጋለ። ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሜ አፍሬ የማላውቅ ሴት፣ እንግዶቹ ጫማቸውን እያወለቁ ሲገቡ፣ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የገዛ ስፌቴን መፍታት ጀመርኩ። ተናደድኩባቸው፤ አልዋሽም። ሁለተኛ እዚህ ቤት አልረግጥም ብዬም ነበር በልቤ። አራት ዙር ፈታሁ። ያን ጊዜ እሳቸው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና አዲስ አክርማ በጣታቸው ረጠብ እያደረጉ አንድ አንድ ያቀብሉኝ ጀመር። ወስፌውን እንደያዝኩ ንዴቴ በረደ፤ እጄ ሥራውን ያውቃል፣ ኩርፊያዬን አይጠብቅም። ጥቂት ቆይቶ ግድግዳውን ሲያይ የነበረው እንግዳ ሁሉ እኛን ከቦ ቆመ።

ከመካከላቸው አንዲት ሴት ማተቤን አየት አደረገችና ወደ እሳቸው ጎንበስ አለች።

«እማማ፣ ይህቺስ የማን ልጅ ናት? ምነው በእንግዳ ፊት አስፈቷት?»

እሳቸው ከእጄ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም።

«የሰው ልጅ ብትሆንማ ‹ማሻ አላህ› ብዬ እሸኛት ነበር» አሉ። «የማስፈታው የራሴን ልጅ ነው።»

ይህን ስሰማ አንድ ስፌት ሳትኩ። እሱንም አስፈቱኝ።