በአንድ እጅ የሚዘጋው በር

ባለፈው ሳምንት ደጀን ላይ፣ አንድ የጭነት መኪና የገነጠለብኝን የጎማ መሸፈኛ ፓራፋንጎ የሚተካ ያገለገለ ፍለጋ አሮጌ የመኪና አካላት የሚሸጡበት ግቢ ገባሁ። ሻጩ ከክምሩ ውስጥ አንዱን ጎትቶ መኪናዬ ላይ ቢያስጠጋው ልክክ አለ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጥርጣሬ ገባኝ። በስቱኮና በቀለም ሽታ መሐል አባቴ በሐሳቤ የመጣብኝ ያኔ ነው፤ ሳላስበው ብረቱን በጣቴ አንኳኳሁት፣ በቁልፌም ጫፉን ፋቅ አደረግሁት።

አባቴ ብቸና ውስጥ፣ በገበያ ቀን ሰውና እህል አደባልቆ ሞጣ ድረስ የሚያመላልስበት ሰማያዊ ፒካፕ ነበረው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ ያስተማረኝ እሱ ነው። ስላገለገለ ዕቃም የራሱ ሕግ ነበረው፦ መኪና ሁሉ በየመንገዱ የተንገጫገጨው ለየብቻው ስለሆነ፣ የሌላ መኪና አካል እውነተኛ ከሆነ አይገጥምም፤ ከገጠመ ብዙ ሳይንገጫገጭ የተወሰደ ነው፤ ወይ የሌባ ነው ወይ የሟች።

አንድ ክረምት ፒካፑ በጭቃ ተንሸራቶ ግራ በሩ ከዛፍ ተላተመ። ሞጣ ውስጥ ጋሽ ይሁኔ የሚባሉ፣ ከአባቴ ጋር በአንድ የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠሩ የመኪና አካል ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ሁለት ቀን አስጠብቀው አንድ ነጭ በር ሰጡት። የማን እንደሆነ ሲጠይቃቸው «የማውቀው ሰው ነው፤ ደም አላየም» ብለው ማሉለት። አባቴ አመስግኖ ተቀበለ፤ ብቸና እስክንደርስ ግን እየደጋገመ ዞር ብሎ በሩን ያይ ነበር።

በሩ ሲገጠም በአንድ እጅ ገፋ ሲያደርጉት ጠቅ ብሎ ተዘጋ። አሮጌውን በር ዓመታት ሙሉ በትከሻዋ ስትገፋ የኖረችው እናቴ ዕልል ልትል ምንም አልቀራት። የአባቴ ፊት ግን ጠቆረ። አንኳኳው፤ ስብራት የተደፈነበት ስቱኮ የለውም። ሌላ ቀለም ተደብቆ እንደሆነ ብሎ ከእጀታው ሥር በቢላዋ ፋቀው፤ ከነጩ በታች ያው ነጭ ነው። እንከን ባጣ ቁጥር ጥርጣሬው እየባሰ ሄደ። በመጨረሻ የውስጥ ሽፋኑን ፈታና እጁ አልገባ ቢለው እኔን ጠራኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ለትልቅ ሥራ በመታጨቴ ኮራሁ። ጣቶቼ ከበሩ ሆድ ውስጥ ትንሽ የእንጨት መስቀል ያለው ጥቁር ክር ይዘው ወጡ። ምነው ባልነካሁት እላለሁ እስከ ዛሬ።

«ክርስቲያን በሕይወቱ ማተቡን አይፈታም» አለ አባቴ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ለእሱ ያለቀ ነበር፤ ባለማተቡ ዓባይ በረሃ ከነመኪናው ወድቆ ሞቷል፣ ጋሽ ይሁኔም በሐሰት ምለዋል። ማተቡን ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ሰጠ፤ ስሟ ላልታወቀች ነፍስም በየዓመቱ ጸሎት ያስደርግ ነበር። በሩን ግን ሞጣ ወስዶ ሰው በተሰበሰበበት ጋሽ ይሁኔ ደጅ ላይ አቆመው።

«የሟች በር አስታቅፈኽ ሰደድኸኝ፣ ይሁኔ?»

ጋሽ ይሁኔ በሩን፣ በተለይ ከእጀታው ሥር የተፋቀውን፣ ረዘም አድርገው አዩት። «ከጠረጠርኸኝማ ምን እላለሁ፤ አስቀምጠው» አሉ። ሁለቱ ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። አባቴ ከሌላ ቦታ ፈጽሞ የማይገጥም ቀይ በር ገዝቶ በገመድ እያሰረ ነዳ። በክፍተቱ አቧራና ዝናብ ሲገባብን እሱ ግን በሩን ሙሉ በሙሉ ያምነው ነበር።

ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ጋሽ ይሁኔ ማረፋቸው ተሰማ። አባቴ ማታ «አልሄድም» ብሎ ተኛ፤ ጠዋት ለብሶ አገኘሁት። ለቅሶው ላይ ከድንኳኑ ጀርባ አንድ አሮጌ ነጭ ፒካፕ ቆሟል። ከግራ በሩ እጀታ ሥር የአባቴ ቢላዋ የፋቀው ጭረት አለ። አባቴ ከፍቶ በአንድ እጁ ገፋ አደረገው፤ ጠቅ አለ። ጋሽ ይሁኔ ገበያ ላይ በር ሲያጡ ከገዛ መኪናቸው ፈትተው ሰጥተውት ኖሯል። ያን ቀን ያልነገሩት፣ ካልታመኑ ወዲያ ማስረዳቱ ነውር ሆኖባቸው ይመስለኛል።

እኩያዬ የሆነችው ልጃቸው እናኑ ለለቅሶተኛው የእጅ ውኃ ይዛ መጣች። በዚህ መኪና ማተብ ጠፍቶባቸው እንደሆነ ጠየቅኋት።

«የእኔ ነዋ» አለች፣ እንባዋን ሳትጠርግ ፈገግ ብላ። «ልጅ ሆኜ መስኮቱ ይዞ በጠሰብኝና በሩ ውስጥ ገባ። አባዬ ሌላ አሰረልኝ።»

አባቴ ለነፍሷ ስንት ዓመት ያስጸለየላት ልጅ ውኃ ታፈስለት ጀመር። ውኃው ካለቀም በኋላ እጁን እንደዘረጋ ቆየ።

አሁን አባቴም የለም። «ገጠመ እኮ እቴ፣ ምን ቀረሽ?» አለኝ የደጀኑ ሻጭ። ገዛሁት። ከዚያ ሁሉ ወዳጅነት ለእኔ የደረሰኝ መጠርጠሩና መፋቁ ብቻ መሆኑ አሳዘነኝ። ጋራዥ ውስጥ በቁልፌ የፋቅሁትን ጭረት ቀለም እናስነካው ሲሉኝ ግን፣ ተዉት አልኳቸው።