ከፀሐይ የሚያመልጠው እሳት

መርሳ መናኸሪያ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሸጊቱ የሰውየውን ስም አታውቅም። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ እንደሚያስተምር ግን ሰምታለች። ክርኑ የሳሳ ቡናማ ኮቱን ለብሶ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ይመጣል፤ ከሰው ራቅ ብሎ እንደቆመ ሻዩን ያማስልና መሽከርከሩን እስኪተው ድረስ ብርጭቆውን አፍጥጦ ያያል።

አንድ ቀን አላስችል አላትና፣ «ጋሼ፣ ሻዩ እኮ ቀዘቀዘብዎ። ምን ያዩበታል?» አለችው።

ሰውየው ደንገጥ አለ። «ፀሐይም እንዲህ እንደ ፈሳሽ የምትዞር እሳት ናት» አላት ቀስ ብሎ። «እሳቱን አስሮ የሚይዘው የራሷ ማግኔት ነው። አንዳንዴ እስሩ ይበጠስና እሳቱ ያመልጣል።»

«አምልጦስ የት ይደርሳል?»

«እኛ ድረስ ይመጣል። መሬትም የራሷ ማግኔት ስላላት መልሳ ትገፋዋለች። መምጣቱን እንኳ የሚያውቅለት የለም።»

«ውይ! ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ፣ ቤት ለእንግዳ የሚለው ይጣ?»

የሰውየው ዓይን እንባ አቀረረ። ሸጊቱ እንዲቀመጥ ዱካ አቀረበችለት።

«ወልድያ አንድ ሰው!» እያለ የመኪናው ረዳት ተጣራ።

«ይሂድ» አለ ሰውየው እየተቀመጠ። «ገና አልጨረስኩልሽም።»